ክሪስቲያን ዶፕለር፦ ከከዋክብት ቀለም እስከ ዳሌ ደም ሥር

ክሪስቲያን ዶፕለር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 29 ቀን 1803 በሳልዝቡርግ ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የቤተሰቡ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ድንጋይ ጠራቢነት ነበረ። እሱ ግን ሰውነቱ ደካማ ስለ ነበረ መዶሻና መሮ በመያዝ ፈንታ ወደ ትምህርት ተላከ። በቪዬና ሒሳብና ፊዚክስ ካጠና በኋላ ቋሚ ሥራ ስላጣ፣ በ1835 ንብረቱን ሸጦ ወደ አሜሪካ ሊሰደድ ሲሰናዳ በፕራግ የመምህርነት ቦታ ተገኘለት።

ሜይ 25 ቀን 1842 በቦሄሚያ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ውስጥ፣ በጣት በሚቆጠሩ አድማጮች ፊት፣ ስሙን ያስጠራውን ጥናት አነበበ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የሞገድ ምንጭ ወደ ተመልካቹ ሲቀርብ ሞገዶቹ ይቀራረባሉ፣ ድግግሞሹም ይጨምራል፤ ሲርቅ ደግሞ ይራራቃሉ፣ ድግግሞሹም ይቀንሳል። ዶፕለር በዚህ ሕግ ሊያስረዳ የፈለገው የጥንድ ከዋክብትን ቀለም ነበረ። በዚህ ተሳስቷል። የኮከብ ቀለም በይበልጥ የሚወሰነው በግለቱ ነው፤ በእንቅስቃሴው የሚመጣው ለውጥ ለዓይን የማይታይ ኢምንት ነው። ሕጉ ራሱ ግን ትክክል ነበረ። ሆላንዳዊው ቡይስ ባሎት በ1845 በዩትሬክት አጠገብ ጥሩምባ ነፊዎችን በባቡር አሳፍሮ፣ ጆሯቸው የሠለጠነ ሙዚቀኞችን በሐዲዱ ዳር አቁሞ ለድምፅ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። የከዋክብቱን ማብራሪያ ግን አልተቀበለም።

ዶፕለር በ1850 የቪዬና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተቋም የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ። በ1852 የሒሳብ ሊቁ ፔትዝቫል ሕጉን በአደባባይ ተቃወመው። የሳንባ ሕመም የጠናበት ዶፕለር ለአየር ለውጥ ወደ ቬኒስ ሄዶ፣ ማርች 17 ቀን 1853 በ49 ዓመቱ በዚያው ሞተ።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ ጃፓናዊው ሳቶሙራ ሕጉን ከአልትራሳውንድ ጋር አጣምሮ የልብንና የደምን እንቅስቃሴ መረመረበት። በሴኮንድ 5 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ፣ በሴኮንድ 20 ሳንቲሜትር ከሚጓዝ ደም ላይ በ60 ዲግሪ ሲያርፍ፣ የሚመለሰው ሞገድ በሴኮንድ 650 ጊዜ ያህል ይለወጣል። ይህ ልዩነት፣ እንደ መልካም አጋጣሚ፣ በሰው ጆሮ የሚሰማ ድምፅ ነው።

ጥቅሙ ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ዳሌ ነው። በዳሌ ደም መላሽ ሥሮች የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል። የጭን ሥር በመመርመሪያው ሲጫኑት፣ ጤነኛ ከሆነ ይጨፈለቃል፤ የረጋ ደም ካለበት አይጨፈለቅም። የዳሌዎቹ ሥሮች ግን ጥልቅ ናቸው፤ የአንጀት አየርም ይጋርዳቸዋል። ስለዚህ መርማሪው ከበታች፣ ከብሽሽት ላይ፣ የደሙን ፍሰት ያዳምጣል። ጤነኛ ሰው አየር ሲስብ የሆድ ግፊት ጨምሮ ከእግር የሚመለሰው ደም ይዘገያል፤ ሲተነፍስ ይፈጥናል። ከላይ መዘጋት ካለ ይህ ከትንፋሽ ጋር ከፍና ዝቅ የሚለው ድምፅ ጠፍቶ ወጥ ይሆናል። በተለይ በአንድ ወገን ብቻ ከጠፋ፣ ሐኪሙ የዳሌውን ሥር በሌላ መሣሪያ እንዲመረመር ያዛል። ሥሩን በከፊል ብቻ የዘጋ የረጋ ደም ግን ይህን ድምፅ ላይለውጠው ይችላል።