በወስፌ የታወረው፣ በወስፌ የጻፈው፦ የሉዊ ብሬል ሕይወት

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ፈረንሳዊ አስተማሪ ነው። ስሙን ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡት ጽሑፍ የሚጠራው በእሱ ስም ነውና። ታሪኩን የምናውቅ ግን ጥቂት ነን። እኔም ስለ እሱ ማንበብ የጀመርኩት በካምፓችን ትምህርት ቤት እኔ በማስተምርበት ክፍል ማየት የማይችል ተማሪ ከገባ በኋላ ነው። (ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ሉዊ ብሬል ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሯ ከፓሪስ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አባቱ የፈረስ ኮርቻና ልጓም ሠሪ ነበር። ሉዊ በ3 ዓመቱ አባቱ ሥራ ቦታ ገብቶ እንደ ትልቅ ሰው ቆዳ ሊበሳ ሲሞክር ወስፌው አንሸራቶ ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ አመረቀዘና ሕመሙ ወደ ሌላኛው ዓይኑ ተዛመተ። 5 ዓመት ሲሞላው ሁለቱም ጠፍተው ነበር።

በዚያ ዘመን ብዙ ዓይነ ስውር ልጆች ዕጣቸው ልመና ነበር። የሉዊ ወላጆች ግን ልጃቸውን ቤት አልዘጉበትም። አባቱ በትር ሠራለት፣ የመንደሩ ቄስ አስተማረው፣ ከሌሎች ልጆች ጋርም ትምህርት ቤት ገባ። የሰማውን ሁሉ በጭንቅላቱ እየያዘ ጎበዝ ተማሪ ሆነ። ግን ይህ ሁሉ በጆሮ ብቻ ነው። አንድ ገጽ ማንበብ ቢፈልግ የሚያነብለት ሰው መለመን ነበረበት።

በ1819 በ10 ዓመቱ ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተላከ። የትምህርት ቤቱ መሥራች ቫለንቲን አዩይ የተለመዱትን ፊደላት ወረቀት ላይ አጉልቶ የሚያትምበት ዘዴ ነበረው። ሐሳቡ ደግ ነው። ነገር ግን መጻሕፍቱ ትልልቅና ከባድ፣ ቁጥራቸውም ጥቂት ነበር። ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እየዞረ ሲለይ የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይጠፋበታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በዚያ ዘዴ ተማሪው ራሱ መጻፍ አይችልም።

በ1821 ሻርል ባርቢዬ የተባለ የጦር መኮንን አዲስ ነገር ይዞ መጣ። በመስመር ፋንታ ነጥብ፣ ያውም 12 ነጥብ። ተማሪዎቹ ነጥብ ለጣት ከመስመር እንደሚቀል ወዲያው ገባቸው። ችግሩ 12 ነጥብ ከአንድ ጣት ጫፍ በላይ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የሚጻፈው ድምፁ እንጂ ትክክለኛው ሆሄ አልነበረም። ዓይናማው መኮንን ይህን ሊያውቅ አልቻለም፤ በጣቱ አንብቦ መኖር አላስፈለገውማ!

ሉዊ ከትምህርት በተረፈችው ሰዓት ነጥቦቹን እየቀነሰ፣ እየሞከረ፣ እየጣለ ቆየ። በ1824 ገና በ15 ዓመቱ ዘዴውን አገኘው፤ በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት፣ በጠቅላላው 6 ነጥብ። ይህ ጣት ሳይንቀሳቀስ በአንድ ጊዜ ይነበባል፣ ከዚያም 63 የተለያዩ ምልክቶች ይወጣሉ። መጻፊያውም ወረቀቱን እየወጋ የሚያጎብጥ፣ ወስፌ የሚመስል ሹል ነገር ነው። ዓይኑን የነሳው ዓይነት መሣሪያ ብዕሩ ሆነ ማለት ነው። በ1829 ዘዴውን ለቃላትም ለሙዚቃም እንዲሆን አድርጎ በመጽሐፍ አወጣው።

በ1833 እዚያው ትምህርት ቤት ሙሉ አስተማሪ ሆነ። በፓሪስ ቤተ ክርስቲያንም ኦርጋን ይጫወት ነበር። ታድያ በ1840ዎቹ መጀመሪያ አዲሱ ኃላፊ በነጥብ መጻፍን ከለከለ። ዓይናማዎች ሊያነቡት የማይችሉት ጽሑፍ አልተወደደም። ተማሪዎቹ ግን በድብቅ መጻፋቸውን አልተዉም። የሚጠቅማቸውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው እኮ! ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክልከላው ተነሣ። ብሬልም የዓይናማዎችን ጥያቄ ችላ አላለም፤ ዓይነ ስውራን ለሚያዩ ዘመዶቻቸው ደብዳቤ እንዲጽፉ የተለመዱትን ፊደላት በነጥብ የሚሠራ ሌላ ዘዴ በ1839 አወጣ።

የሳንባ ነቀርሳ ለረጅም ዓመታት ሲያሠቃየው ቆይቶ ጃንዋሪ 6 ቀን 1852 በ43 ዓመቱ ሞተ። ፈረንሳይ ጽሑፉን በይፋ የተቀበለችው ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እሱ አላየም። ዛሬ የልደቱ ቀን በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ የዓለም የብሬል ቀን ሆኖ ይከበራል።

የኛ ፊደል ከ200 በላይ ስለሆነ 63 ምልክት አይበቃውም። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢው ይጻፍና አናባቢው ለብቻው ይከተለዋል። ስድስቱ ነጥቦች እዚህም ደርሰዋል።

አሁን ስልክ ያወራል፣ ብሬል ለምን ያስፈልጋል የሚሉኝ አሉ። የሚናገር ስልክ ትልቅ ነገር ነው። ተማሪዬም እንግሊዝኛ ሲሆን በጣቱ የነካውን ያነብለታል፣ የአማርኛ መልእክት ሲመጣ ግን ስልኩ ዝም ይላል። ያኔ ጎረቤት ይጠራል። እስቲ አስቡት፤ የፕሮሰሳችሁን ወረቀት፣ የእናታችሁን መልእክት ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቀድሟችሁ ሲያነበው! ምስጢር የሚባል ነገር አይኖራችሁም። ሉዊ ብሬል ያንን ቀንበር ነው የሰበረው። ድምፁም አማርኛ በደንብ ሲችል ያግዛል፤ ሆሄ ለመማርና በራስ እጅ ለመጻፍ ደግሞ ነጥቡ ያስፈልጋል።

ከሕይወቱ የወሰድኩት ትምህርት ይህ ነው። አዩይና ባርቢዬ ደጋጎች ነበሩ፣ የሚሠራውን ነገር የሠራው ግን በጣቱ የሚያነበው ልጅ ነው። ለዓይነ ስውራን የሚናገር መሣሪያ የምትሠሩ፣ ወይም ለካምፕ ትምህርት ቤት ዕቃ የምታመጡ ወገኖች፣ ከመግዛታችሁና ከመሥራታችሁ በፊት የሚጠቀሙበትን ጠይቁ። እናንተም ማየት የማይችል ልጅ ቤታችሁ ካለ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት አምጡት። የኩቭሬው ኮርቻ ሠሪ ልጁን ቤት ቢያስቀምጠው ኖሮ ይህን ሁሉ አናወራም ነበር።