ኤድዋርድ ሩፐልና የስሜን እንስሳት ስም

ከዳባት ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ መንገደኛ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለውን ወፍራም መንቆር የደጋ ቁራ ሳያይ አያልፍም። ከፍ ሲልም ጭላዳው ሣር ሲነጭ፣ ዋልያው ከገደል አፋፍ ቆሞ ያገኛቸዋል። እነዚህን ፍጥረታት የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ በየስማቸው ያውቃቸው ነበር። በሳይንስ መጻሕፍት ተመዝግበው በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቁት ግን ኤድዋርድ ሩፐል በተባሉ ጀርመናዊ ተጓዥ አማካይነት ነው። በዚህ እትም የእኚህን ሰው ሕይወት በአጭሩ ለማቅረብ የወደድነው፣ ታሪካቸው ለእኛም ለምእመናን የሚያቀርበው ጥያቄ ስላለ ነው።

ሩፐል እ.ኤ.አ. በ1794 በፍራንክፈርት ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። በመጀመሪያ የታሰበላቸው ሙያ ንግድ ነበር። ይሁን እንጂ በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና ያደረጉት ጉዞ ልባቸውን ወደ ተፈጥሮ ጥናት መለሰው። ስለዚህ በኢጣልያ አገር የዕፀዋትንና የእንስሳትን ትምህርት ተምረው፣ ከ1822 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት ያህል በኑብያ፣ በሲናና በቀይ ባሕር አካባቢ ተዘዋወሩ። ያሰባሰቡትንም በትውልድ ከተማቸው ለሚገኘው ለሴንከንበርግ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር አበረከቱ።

ወደ አገራችን የመጡት እ.ኤ.አ. በ1831 በምፅዋ በር ነው። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበርና መንገዱ ሁሉ ሥጋት የሞላበት ነበር። በዚያው ዓመት የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ሰባጋዲስ ተገድለው፣ የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ኃይላቸውን ወደ ትግራይ ያስፋፉ ጀመር። ሩፐል በዚህ ሁከት መካከል አልፈው፣ ተከዜን ተሻግረው የ1832ን ክረምት በስሜን አሳለፉ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ወርደው በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የድካማቸው ፍሬ ከፍተኛ ነበር። ዋልያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮንም በ1840 ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቁ። ከአዕዋፍም ወፍራም መንቆሩን ቁራና አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለውን እርግብ ጨምሮ ብዙዎችን መዘገቡ። ከረዳታቸው ከቴዎዶር ኤርክል ስም የደጋውን ቆቅ ሰየሙ፤ በስሜን ገደሎች ላይ የሚያንዣብበውን አንዱን ጥንብ አንሳ ደግሞ ሌላ ሊቅ ቆይቶ በራሳቸው በሩፐል ስም ጠራው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሩፐል ለዋልያ አዲስ የላቲን ቃል አልፈለጉለትም፤ የስሜን ሰው ዋልያ ሲል የሰሙትን ተቀብለው በሳይንሳዊው ስም ውስጥ አኖሩት። ጭላዳም እንዲሁ ከሕዝቡ በተሰማ ስም ገባ። ኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር እንስሳትን ወደ አዳም አምጥቶ ስም እንዲያወጣላቸው እንዳደረገ ያስተምረናል። በስሜን ተራሮች ይህን የአዳም ሥራ አስቀድመው የፈጸሙት እረኞቹና ገበሬዎቹ ናቸው። የኤርክል ስም በቆቁ፣ የሩፐልም በአሞራው ላይ ሲኖር፣ ቃሉን ያቀበለው የስሜን ሰው ስም ግን ከእነዚህ እንስሳት በአንዱም ላይ አልተጻፈም።

ሩፐል በ1839 ከለንደን የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ተሸለሙ። ከኢትዮጵያ የወሰዷቸውን የግእዝ የብራና መጻሕፍትም ለፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ሰጡ፤ በ1884 በዚያው ከተማ ዐረፉ። የዚያ ዘመን ጥናት በጠመንጃ የሚካሄድ እንደ ነበረ፣ ቆዳውም ብራናውም ከአገር እንደ ወጣ አንሰውርም። ሆኖም ያለ እርሳቸው ትጋት የስሜን ክብር በዓለም ፊት ለመታወቅ ብዙ በዘገየ ነበር።

ይህ ክብር ግን ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1969 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ስፍራ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ አደጋ ከተደቀነባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቈየ። በ2016 የጊጭ መንደር ነዋሪዎች ከአባቶቻቸው ርስት ተነሥተው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በሌላ በኩል ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም የትም የለም፤ ቍጥሩም ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ገበሬው የገብስ ማሳና የከብት ግጦሽ ይፈልጋል፤ ዋልያውም ከገደሉ ወዲያ የሚሸሽበት የለውም። ስለዚህ ገበሬውን ጠላት አድርጎ የሚያይ ጥበቃ ፍትሕ ይጎድለዋል፤ እንስሳውን የሚያጠፋ እርሻም የልጆቻችንን ርስት ይበላል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት የምድር ጩኸትና የድሆች ጩኸት አንድ መሆኑን አስተምረውናል። እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ስለ ፍጥረት ስታስተምሩ ከስሜን ጀምሩ። ውሾችን ማስከተብ ቀይ ቀበሮን ከእብድ ውሻ በሽታ እንደሚጠብቅ፣ ለጅብ ተብሎ የሚጣል መርዝ ጥንብ አንሳውንም እንደሚፈጅ ለሕፃናቱም ለወላጆችም ንገሩ። ስለ ተፈናቀሉት ወገኖችም ዝም አትበሉ። ስም ያወጣ ሕዝብ ጠባቂም እንዲሆን ተጠርቷልና፣ ለጥበቃው በሚደረገው ምክር ሁሉ ድምፁ ሊሰማ፣ ከሚገኘውም ጥቅም ድርሻው ሊደርሰው ይገባል።