ዶ/ር አክሊሉ ለማ እና ከመስኖ ቦይ የሚጀምረው የጉበት በሽታ

ዶ/ር አክሊሉ ለማ (1935–1997) ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል ለዓለም ያሳወቁ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ናቸው። ቢልሃርዝያ ብዙ ጊዜ እንደ ማንኛውም የአንጀት ትል ይታሰባል፤ ክፉኛ የሚጎዳው ግን ጉበትን ነው። ስለዚህ በወንጂ፣ በአዳማና በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ኖረው ጉበታቸው ለታመመ ሰዎች፣ በተለይም የጉበት ንቅለ ተከላ ለታዘዘላቸው፣ የእኚህን ሰው ሥራ ማወቅ ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዶ/ር አክሊሉ በመስከረም 1935 ጅጅጋ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን አሜሪካ ተከታትለው ዶክትሬታቸውን ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። በ1964 ቢልሃርዝያን ለማጥናት አድዋ ሲሄዱ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተዋል፤ ከፍ ብሎ ባለው ውኃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ ደህና ናቸው። በሕይወት ያሉትን በዕቃ ሰበሰቡና ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርባቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። እንዶድ ነጠላ እንደሚያነጣ የማያውቅ አልነበረም፤ ዕውቀቱ መጀመሪያም የነዚያ ሴቶች ነበር። የእሳቸው ድርሻ የሞተውን ቀንድ አውጣ ከሰው ጉበት ጋር ማገናኘት ነው።

ግንኙነቱ እንዲህ ነው። የቢልሃርዝያ እጭ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውኃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። አድጎ ትል ሲሆን በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም መልሶች ውስጥ ለዓመታት እየኖረ እንቁላል ይጥላል። ከእንቁላሎቹ ከፊሉ በሰገራ ይወጣል፤ ከፊሉ በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀራል። ሰውነት የቀረውን እንቁላል በጠባሳ ይከበዋል። ጠባሳው ሲበዛ ደም ወደ ጉበት የሚገባበት መንገድ ይጠባል። ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ በምግብ ቧንቧ ላይ ያሉ ደም መልሶች ተወጥረው ይፈነዱና በሽተኛው ደም ያስታውካል።

ዶ/ር አክሊሉ ከአድዋ ሌላ ትኩረት የሰጡት ለአዋሽ ሸለቆ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ጀመረ፤ የቆቃ ግድብ በ1960 ተጠናቀቀ። ዓመቱን ሙሉ ውኃ የማይለየው የመስኖ ቦይ ለቀንድ አውጣው ተስማማው፤ ሥራ ፍለጋ ከየአገሩ ከመጡት ሠራተኞች አንዳንዶቹም ትሉን በሰውነታቸው ይዘው መጡ። ጥናቶቹ እንዳሳዩት በላይኛው አዋሽ፣ ማለትም በወንጂ በኩል፣ የሚገኘው ጉበትን የሚጎዳው የአንጀት ቢልሃርዝያ ሲሆን ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ የሽንት ፊኛው ዓይነት አለ። መስኖ በተስፋፋ ቁጥር በሽታውም ሊከተል እንደሚችል ያሰቡበት ገና በ1960ዎቹ ነው።

በ1966 በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተደረገው ሙከራ፣ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ ከትንንሽ ሕፃናት ቢልሃርዝያ የያዛቸው ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። ከዚያ ዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ብዙ የእንዶድ ዝርያዎችን አወዳድረው ዓይነት 44 የተባለውን መረጡ። ይህ ሁሉ ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት የደኅንነት ማስረጃው አልበቃም እያለ ግኝቱን ለረጅም ጊዜ ሳይቀበል ቆየ። ማስረጃ መጠየቁ ተገቢ ነበር፤ ድሃ አገር ያን ውድ ምርመራ በምን ገንዘብ ያሠራል የሚለው ግን ዓመታት ፈጀ። በ1989 ሁለቱ ተመራማሪዎች የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ።

መዘግየቱ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ግብፅን ማየት ይበቃል። እዚያ ከ1980ዎቹ በፊት ቢልሃርዝያ በመርፌ በዘመቻ ሲታከም በደንብ ያልተቀቀለ መርፌ ከሰው ሰው ይዞር ስለነበር ሄፓታይተስ ሲ ተዛመተ። በሁለቱ በሽታዎች ጉበታቸው የተበላሸ ብዙ ሰዎች ኋላ ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው።

ንቅለ ተከላ ደግሞ የራሱ ሌላ የኢንፌክሽን ታሪክ አለው። የመጀመሪያው የሰው ጉበት ንቅለ ተከላ የተሞከረው ዶ/ር አክሊሉ አድዋ ከመሄዳቸው አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1963፣ ዴንቨር ውስጥ ነው፤ ሕሙማኑ ግን ከሳምንታት በላይ አልቆዩም። ሰውነት አዲሱን ጉበት እንዳይገፋ የሚሰጠው መድኃኒት የበሽታ መከላከል አቅምን ያዳክማል፤ ይህ ዛሬም አልተለወጠም። በመጀመሪያው ወር የሚያሰጋው የቀዶ ጥገናውና የሆስፒታል ባክቴሪያ ነው። እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ ደግሞ ተደብቀው የኖሩት ይነሳሉ፦ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ በስቴሮይድ ምክንያት መላ ሰውነትን ሊወር የሚችለው የስትሮንጂሎይድስ ትል።

ስለዚህ ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለንቅለ ተከላ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው በቦይ ወይም በሐይቅ ውኃ መታጠቡን፣ ቲቢ ይዞት ወይም በቤቱ ታሞ የነበረ ሰው መኖሩን ለሐኪሞቹ አስቀድሞ ይንገር። ጉበት የሚሰጠው ዘመዱም እንዲሁ። ቢልሃርዝያ ከተገኘ ፕራዚኳንቴል ከቀዶ ጥገናው በፊት ይሰጣል። ከተመለሱ በኋላ ቲቢ ቢገኝ፣ ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት የንቅለ ተከላውን መድኃኒት መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንስ የሁለቱ ሐኪሞች መነጋገር ግድ ነው። 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ለነገ አይባልም። እንዶድ ደግሞ ለውኃው እንጂ ለሰው አይደለም፤ ሲጠጣ መርዝ ነው።

ዶ/ር አክሊሉ በኋለኛው ዘመናቸው በተባበሩት መንግሥታት፣ ቀጥሎም ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ ማዕከል ሠርተዋል። በሚያዝያ 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ቢልሃርዝያንም እስከ አሁን ያጠናል።