ሲይሞር ክሬይና የማቀዝቀዣው ፈሳሽ

ሲይሞር ክሬይ እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ቺፕዋ ፎልስ በተባለች ከተማ ተወለደ። ይህ ስመ ጥር የኮምፒዩተር መሐንዲስ ሽቦ ባጠረ መጠን ስሌት እንደሚፈጥን ተገንዝቦ የመሣሪያዎቹን ክፍሎች እጅግ አቀራረበ፤ መቀራረቡ ግን ብርቱ ሙቀት አስከተለ። በ1976 ያስረከበውን ክሬይ-1ን በቧንቧ በሚዘዋወር ፍሬዮን አቀዘቀዘ፤ በ1985 በወጣው ክሬይ-2 ግን ሰሌዳዎቹን ፍሎሪነርት በተባለ፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ አጠለቀ። ክሬይ በ1996 በደረሰበት የመኪና አደጋ ሳቢያ አረፈ።

ፍሎሪነርትን ያስመረጠው ከሌላ ነገር ጋር በቀላሉ አለመዋሐዱ ነበር፤ ይኸው ጠባዩ ግን ወደ አየር ሲያመልጥ ለረጅም ዘመን እንዳይፈርስ ያደርገዋል። አምራቹ ስሪ ኤም ኩባንያም የዚህን ወገን ኬሚካሎች ምርት እስከ 2025 መጨረሻ እንደሚያቆም በ2022 አስታወቀ። እንግዲህ ማቀዝቀዣ የሚመርጥ መሐንዲስ ከመሣሪያው ደኅንነት ባሻገር የፈሳሹን መጨረሻም መመዘን ይገባዋል።