ሩዶልፍ ዲዝል፤ ብክነትን የተዋጋው መሐንዲስ

ባለፈው ሳምንት ከእራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሣ። መካከለኛ ፒክ አፕ መኪና አሁን ካለው የበለጠ ብርቱ ሞተር ያስፈልገዋልን? ወይስ የሚያስፈልገው የናፍጣ ሞተር ነው? ግማሾቻችን የፈረስ ጉልበት ቍጥር እየጠራን፣ ግማሾቻችን የአጎታችንን መኪና ምስክር እያቆምን እስከ እኩለ ሌሊት ተጯጯኽን። ሆኖም የዚያ ሞተር አባት ማን እንደ ሆነና ሞተሩን ለምን እንደ ሠራው የሚነግረን ከመካከላችን አልተገኘም። በአገራችን ነዳጁ ናፍጣ ስለሚባል የሰውየው ስም ተሸፍኖ ቀርቷል። ስለዚህ ክርክሩን ከመቀጠላችን በፊት ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አሰብን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሩዶልፍ ዲዝል በ1858 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ከጀርመናውያን ወላጆች ተወለደ። አባቱ የቆዳ ዕቃ እየሠራ የሚያድር ሰው ነበር። በ1870 ዓ.ም. በፈረንሳይና በጀርመን መካከል ጦርነት ሲነሣ ቤተ ሰቡ ፓሪስን ለቆ ወደ ሎንዶን ተሰደደ። ኑሮው ስለ ጠበበ የ12 ዓመቱ ልጅ ብቻውን ወደ አውግስቡርግ ከተማ ተላከ፤ በዚያም የሒሳብ መምህር የሆነ ዘመዱ ተቀብሎ አስተማረው። ገና በ14 ዓመቱ መሐንዲስ ለመሆን ቈርጦ ለወላጆቹ ጻፈላቸው። ወላጆቹ ቶሎ ሥራ ይዞ እንዲረዳቸው ቢፈልጉም፣ ልጁ በትምህርት አንደኛ ስለ ሆነ የትምህርት ድጎማ አግኝቶ በሙኒክ ወደሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባ። ይህን ዐይነት የቤተ ሰብ ሙግት የሚያውቁ ጓደኞች በመካከላችን ጥቂቶች አይደሉም።

በሙኒክ ያስተማረው ፕሮፌሰር ካርል ፎን ሊንደ ነበር፤ ይህም ሰው በማቀዝቀዣ መኪና ሥራው ስመ ጥር ነው። አንድ ቀን መምህሩ ስለ እንፋሎት ሞተር ሲያስረዳ፣ ከሚቃጠለው ከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ከመቶ ዐሥር እጅ እንኳ እንደማይሞላ ተናገረ። የቀረው ሁሉ ከንቱ ይጠፋል ማለት ነው። ሌሎቹ ተማሪዎች ቍጥሩን ጽፈው አለፉ። ዲዝል ግን በደብተሩ ጠርዝ ላይ የራሱን ማስታወሻ ጨመረ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ብክነት ዕንቅልፍ ነሣው። በ1879 ዓ.ም. የታይፎይድ በሽታ ይዞት ከፈተና ቢቀርም በ1880 ዓ.ም. ከፍ ባለ ማዕርግ ጨረሰ። ከዚያም በፓሪስና በበርሊን በመምህሩ የማቀዝቀዣ ሥራ እየተቀጠረ ከዐሥር ዓመት በላይ ሐሳቡን ሲያብሰለስል ኖረ።

ሐሳቡ ምን ነበር? የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ሁሉ መንፊያው እንደሚግል ያውቃል፤ አየር ሲታመቅ ይሞቃልና። የቤንዚን ሞተር ቤንዚኑንና አየሩን ቀላቅሎ ካመቀ በኋላ በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። የዲዝል ሞተር ግን አየሩን ብቻ አብዝቶ ያምቃል፤ አየሩ እጅግ በጋለ ጊዜ ነዳጁ ሲረጭበት ያለ ካንዴላ በራሱ ይነድዳል። እመቃው ከፍ ባለ መጠን ከነዳጁ ሙቀት የሚገኘው ሥራ ይበዛል፤ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

በ1892 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን አስከበረ፤ በ1893 ዓ.ም. ሐሳቡን በመጽሐፍ አወጣ። ሆኖም በመጽሐፉ የተለመው ግፊት በተግባር የማይደረስበት ሆኖ ስለ ተገኘ ስሌቱን ማረም ግድ ሆነበት። የአውግስቡርግ የመኪና ፋብሪካና የክሩፕ ድርጅት ገንዘብና ሠራተኛ ሰጡት። በ1893 ዓ.ም. ኦገስት ወር ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር ነዳጁ ፈንድቶ የግፊት መለኪያውን ሰባበረ፤ ዲዝልም ለጥቂት ተረፈ። ሌላው ሰው ቢሆን ተስፋ በቈረጠ ነበር፤ እሱ ግን አየር ታምቆ ነዳጅን ሊያነድ እንደሚችል ስለ ተረጋገጠለት ደስ አለው። በሚቀጥለው ዓመት ፌብሩዋሪ ወር ሞተሩ በራሱ ኃይል አንድ ደቂቃ ያህል ዞረ። ለዚያች አንዲት ደቂቃ የዓመታት ድካም ፈሷል።

በ1897 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ከሙኒክ መጥቶ ሞተሩን በይፋ መዘነው። ሞተሩ ቁመቱ ሦስት ሜትር ያህል ሆኖ ጉልበቱ ከ20 የፈረስ ጉልበት ገደማ አይበልጥም፤ ዛሬ ይህን የሚያህል ጉልበት ትንሽ ሞተር ብስክሌት ይሰጣል። ነገር ግን ከመቶ 26 እጅ የሚሆነውን የነዳጁን ሙቀት ወደ ሥራ ለወጠው። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብልን። ዓለምን ያስደነቀው የጉልበቱ ብዛት አልነበረም፤ የብክነቱ ማነስ ነበር እንጂ።

ዲዝል ሌላም ምኞት ነበረው። በዚያ ዘመን ታላላቅ ፋብሪካዎች በእንፋሎት ኃይል ትናንሾቹን አንጥረኞች፣ ሸማኔዎችና አናጢዎች ከገበያ ያስወጧቸው ነበር። እሱም ትንሹ ባለ ሙያ በጎጆው ሆኖ የሚጠቀምበት ርካሽ ሞተር ለመስጠት ተስፋ አደረገ። በ1903 ዓ.ም. ሠራተኞች ተባብረው ሀብት ስለሚያፈሩበት መንገድ መጽሐፍ ጻፈ፤ ብዙም የገዛው አልተገኘም። ሞተሩም ከባድና ውድ ስለ ነበረ በመጀመሪያ የገዙት እነዚያው ታላላቅ ፋብሪካዎች ሆኑ። በ1912 ዓ.ም. ሴላንዲያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በዲዝል ሞተር ውቅያኖስ አቋረጠች። አንጥረኛው ግን ገና ይጠብቅ ነበር።

የሙቀትን ሒሳብ አሳምሮ የሚያውቀው ይህ ሰው የገንዘብን ሒሳብ አላወቀበትም። መብቱን ሸጦ ሚሊዮኖች አገኘ፤ በሙኒክ ታላቅ ቤት ሠራ፤ ቀሪውን በመሬትና በሌላ ንግድ አጠፋው። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች እየተበላሹ ስለ ተመለሱ ስሙ ተነቀፈ፤ ጤናውም ታወከ። በ1913 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 29 ቀን ከአንትወርፕ ወደብ ድሬስደን በተባለች መርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ተሳፈረ። እራቱን በልቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ሲነጋ ግን አልጋው እንደ ተነጠፈ ተገኘ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሆላንድ ጀልባ ሬሳውን ከባሕር አገኘ። በከባድ ዕዳ ተይዞ እንደ ነበረ በኋላ ታወቀ። ብዙዎች ራሱን ገደለ ይላሉ፤ ሌላም የሚጠረጥሩ አሉ። ዕድሜው 55 ዓመት ነበር።

ሞተሩ ለመንገድ መኪና የሚስማማው ከሞቱ በኋላ ነው። በ1923 እና በ1924 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ የጭነት መኪኖች በጀርመን ታዩ፤ በ1936 ዓ.ም. መርሴዲስ የናፍጣ የቤት መኪና ለገበያ አወጣ። ዛሬ አናጢው ዕንጨቱን፣ ገበሬው ማዳበሪያውን፣ ግንበኛው ሲሚንቶውን የሚጭንበት ፒክ አፕ፣ ዲዝል ላሰበለት ለዚያ ለትንሹ ባለ ሙያ የተሠራ መኪና ነው ብንል አልተሳሳትንም።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን እንመለስ። በአሜሪካ ሸቭሮሌ ኮሎራዶ የተባለው መካከለኛ ፒክ አፕ ከ2016 እስከ 2022 ሞዴል ድረስ በናፍጣም ይሸጥ ነበር። የቤንዚኑ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ከ300 የፈረስ ጉልበት በላይ ሲሰጥ፣ ናፍጣው 181 ብቻ ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ጎማን በሚያዞረው የመጠምዘዝ ጉልበት ናፍጣው 500 ኒውተን ሜትር ሲደርስ ቤንዚኑ ወደ 370 ነበር፤ ስለዚህ የበለጠ ተጎታች የሚስበው በፈረስ ጉልበት ያነሰው ነበር። ዳገት ላይ ጭነት የሚያወጣው ይህ ነው። በ2023 ሞዴል ናፍጣው ቀርቶ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር ተተካ፤ በመጠምዘዝ ጉልበትም በለጠው፤ በረዥም መንገድ ቁጠባ ግን አልደረሰበትም። የናፍጣ ጢስ ጥላሸትና የናይትሮጅን ጋዝ አለበት፤ ይህን የሚያጣራው መሣሪያ ደግሞ ውድ ነው። በ2015 ዓ.ም. የፎልክስቫገን ኩባንያ የጢስ ምርመራን በማታለሉ ሲጋለጥ የናፍጣ ስም ይበልጥ ጐደፈ።

የእኛ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። በባዶ መኪና አስፋልት ላይ ለሚሮጥ ሰው ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት ጌጥ ነው። ዕለት ዕለት ጭኖ ረዥም መንገድ ለሚሄድ ግን፣ ጢሱ የሚጣራ እስከ ሆነ ድረስ፣ የናፍጣ ምርጫ ሊነፈገው አይገባም። ከዚህም በላይ ነገ ናፍጣንም ቤንዚንንም የሚያስንቅ ሞተር ቢመጣ፣ ዲዝል በሕይወት ቢኖር ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው እሱ በሆነ ነበር፤ የተጋደለው ለናፍጣ ሳይሆን ብክነትን ለመቀነስ ነውና።

ጓደኞቻችን ሆይ! ያ ሁሉ ሥራ የተወጠነው በአንድ ተማሪ ደብተር ጠርዝ ላይ ነው። ነገ ጠዋት መምህራችን አንድ ቍጥር ሲጽፍልን ገልብጠን ብቻ አንለፍ፤ የጠፋው ቀሪ እጅ ወዴት እንደ ሄደ እንጠይቅ።