ፀጉሯ ሲረግፍ ሥራ የፈጠረችው ልብስ አጣቢ

ሻምፑ ከማድረጋችን በፊት ፀጉርን ዘይት ወይም ኮንዲሽነር መቀባት አሁን ስልካችን ላይ በየቀኑ የሚመጣ ምክር ሆኗል። ለእኛ አገር ሰው እንኳ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቶቻችን ቅቤ ተቀብተው፣ ሻሽ አስረው ቆይተው እኮ ነው የሚታጠቡት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሳሙና ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን የፀጉርን የራሱን ወዝም ጠርጎ ይሄዳል። ቀድሞ የተቀባ ቅባት ፀጉሩ ብዙ ውኃ ጠጥቶ እንዳያብጥና እንዳይሰባበር ይረዳል። የኮኮናት ዘይት ደግሞ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ በእጥበት የሚጠፋውን ፕሮቲን ይቀንሳል።

ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ሳራ ብሪድላቭ ናት። ዓለም የሚያውቃት ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር በሚለው ስሟ ነው። ታሪኳ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ቅባቷ ነው። እኔ ግን ትልቁ ሥራዋ እሱ አይመስለኝም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሳራ የተወለደችው ዲሴምበር 23 ቀን 1867 አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ፣ ዴልታ በምትባል ቦታ ነው። ወላጆቿ በዚያው የጥጥ እርሻ ላይ ባሪያ ሆነው ሠርተዋል። ከቤቱ ልጆች ነፃ ሆና የተወለደች የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ነፃነቱ ግን እንጀራ አልሆነላትም። በ7 ዓመቷ እናትና አባቷን አጣች፣ በ14 ዓመቷ አገባች፣ በ17 ዓመቷ ሌሊያ የተባለች ልጇን ወለደች፣ በ20 ዓመቷ ባሏ ሞተ።

ልጇን ይዛ ወንድሞቿ ፀጉር አስተካካይ ሆነው ወደሚሠሩበት ሴንት ሉዊስ ሄደች። እዚያ የሰው ልብስ እያጠበች ኖረች። የቀን ገቢዋ ከ1 ዶላር ተኩል ብዙም አያልፍም ነበር። በዚህ መሀል ፀጉሯ መርገፍ ጀመረ።

ችግሩ የእሷ ብቻ አልነበረም። በዘመኑ አብዛኛው ድሃ ቤት የቧንቧ ውኃ አልነበረውም። ስለዚህ ራስ የሚታጠበው ከስንት አንዴ ነው፤ እሱም በኃይለኛ ሳሙና። ፎረፎርና ቁስል የራስ ቆዳን ይወርሰዋል፣ ፀጉሩም ይሄዳል።

ሳራ መጀመሪያ አኒ ተርንቦ የምትባል ጥቁር ነጋዴ የምትሠራውን የፀጉር ቅባት መሸጥ ጀመረች። በ1905 ወደ ዴንቨር ሄደች። በ1906 ቻርለስ ጆሴፍ ዎከርን አገባች፤ ማዳም ዎከር የሚለው የንግድ ስምም ከዚህ መጣ። ከዚያ የራሷን ቅባት ይዛ ብቅ አለች። ቅመሙ በሕልም ተገለጠልኝ ትል ነበር። አኒ ተርንቦ በበኩሏ የእኔን አስመስላ ሠራች የሚል ቅሬታ ነበራት። እውነቱን ለመናገር ዋናዎቹ ነገሮች ቫዝሊንና ድኝ ናቸው፤ ሁለቱም ከሁለቱ ሴቶች በፊት የሚታወቁ ናቸው።

ታዲያ ፀጉሩ ለምን አደገ? ድኝ ፎረፎርን ስለሚያክም ነዋ! ከቅባቱ ጋር ደግሞ ዘዴ ነበር፤ ራስን ቶሎ ቶሎ በሻምፑ መታጠብ፣ የራስ ቆዳን ማሸት፣ ቅባት መቀባት፣ በጋለ ማበጠሪያ ማበጠር። ማበጠሪያውን የፈለሰፈችው እሷ ናት የሚባለው ስህተት ነው፤ ከእሷ በፊት ነበረ። የጥቁር ሴቶችን ፀጉር እንደ ነጭ ታስተኛለች ብለው የተቹዋትም ነበሩ። እሷ ግን ሥራዬ ፀጉርን ማዳን ነው ባይ ነበረች። ቅደም ተከተሏ ከዛሬው ምክር ጋር አንድ ባይሆንም መነሻው አንድ ነው፤ ቅባትና እጥበት ካልተጋገዙ ፀጉር ይጎዳል።

አሁን ወደ ኢኮኖሚክሱ ልምጣ። ቅባት ማንም ሊቀላቅል ይችላል። ዎከር ግን ዘዴውን የሚያስተምር ሰው አሠለጠነች። በ1908 ፒትስበርግ ውስጥ በልጇ ስም ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በ1910 ኢንዲያናፖሊስ ገብታ ፋብሪካ አቋቋመች። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ሴቶች ወኪሎቿ ሆኑ። ከሰው ማድ ቤትና ከልብስ ማጠቢያ ሌላ አማራጭ ላልነበራት ሴት ይህ የራሷ ገቢ ማለት ነው።

ወንዶቹ ግን ቶሎ አልተቀበሏትም። በ1912 ቺካጎ ውስጥ በተደረገው የጥቁር ነጋዴዎች ጉባኤ ላይ መሪው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን የመናገር ዕድል አልሰጣትም። በመጨረሻው ቀን ሳትጠራ ተነስታ ከጥጥ እርሻ ተነስታ የራሷን ፋብሪካ እስከ መገንባት የመጣችበትን መንገድ ተናገረች። በዓመቱ እዚያው ጉባኤ ላይ ተጋብዛ ንግግር አደረገች።

በ1917 ከ200 በላይ ወኪሎቿን ፊላደልፊያ ሰበሰበች። የተሸለሙት ብዙ የሸጡት ብቻ አይደሉም፤ ለበጎ አድራጎት ብዙ የሰጡትም ናቸው። በዚያው ዓመት በጥቁሮች ላይ የሚፈጸመው የመንጋ ግድያ እንዲቆም አቤት ለማለት ከሃርለም መሪዎች ጋር ዋይት ሃውስ ድረስ ሄዳለች። ፕሬዚዳንቱ አላገኟቸውም። ሜይ 25 ቀን 1919 ኢርቪንግተን፣ ኒው ዮርክ ባሠራችው ትልቅ ቤቷ በ51 ዓመቷ ሞተች። በራሷ ጥረት ሚሊየነር የሆነች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ትባላለች፤ ስትሞት የነበራት ሀብት ግን ከሚሊዮን ዶላር በታች ነው የተገመተው። ከድርጅቷ ወደፊት ከሚገኘው ትርፍ ሁለት ሦስተኛው ለበጎ አድራጎት እንዲውል ተናዛለች።

እና ዛሬ ፀጉር ያሳድጋል የሚል ጠርሙስ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ለራስ ቆዳዬ ምን ያደርግልኛል? ስንት ጊዜና እንዴት ነው የምጠቀመው? የዎከር ወኪሎች ቅባቱን የሚሸጡት ይህን እያስረዱ ነበር። ሻጩ መልስ ከሌለው፣ ቤት ያለው ቅቤ ወይም ዘይት ከመታጠባችሁ በፊት ይበቃችኋል።