ከፀጉር ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት፦ የቨርጂኒያ ፍሎረንስ የሕይወት ታሪክ

ለዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው የቨርጂኒያ ፕሮክተር ፓወል ፍሎረንስን የሕይወት ታሪክ ነው። ይህች ሴት በአሜሪካ የላይብረሪ ሙያን ትምህርት ቤት ገብታ በመማር ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ነች። ስሟ እንደ ፖለቲከኞችና እንደ ዘፋኞች በየአደባባዩ አይነሳም፤ በሙያዋ ላሉ ሰዎች ግን ትልቅ ስም ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንድታውቁልን እንወዳለን።

ቨርጂኒያ የተወለደችው በጥቅምት ወር 1897 ሲሆን የትውልድ ቦታዋ በፔንሲልቬኒያ ግዛት የምትገኘው የዊልኪንስበርግ ከተማ ናት። ወላጆቿን በሞት ካጣች በኋላ በአቅራቢያው ባለው በፒትስበርግ ከአክስቷ ጋር መኖር ጀመረች። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷንም እዚያው በ1915 ጨረሰች። ከዚያም በኦሃዮ ግዛት ወደሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ አመራች። ኦበርሊን ከ1835 ጀምሮ ጥቁር ተማሪዎችን በመቀበል የታወቀ ኮሌጅ ነው። የባርነት ሥርዓት ገና ባልተሻረበት ጊዜ ማለት ነው። ቨርጂኒያም በ1919 በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪዋን አገኘች።

ዲግሪ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ሥራ ማግኘት ደግሞ ሌላ። ቨርጂኒያ መጀመሪያ ወደ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ ሄዳ የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ለጥቁር ልጃገረዶች በከፈተው ቅርንጫፍ ውስጥ ሠራች። አንድ ዓመት ያህል ከቆየች በኋላ ግን ወደ ፒትስበርግ ተመለሰች። በዚያን ዘመን የፒትስበርግ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቁር መምህራንን አይቀጥሩም ነበር። ስለዚህ የኮሌጅ ምሩቋ ቨርጂኒያ በአክስቷ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ተቀጥራ መሥራት ጀመረች። ሥራው የሚያሳፍር አይደለም፤ እንጀራ ነው። ነገር ግን ለመጻሕፍትና ለሕፃናት የነበራት ፍቅር ሌላ ነገር ያስመኛት ነበር።

የሚገርመው ደግሞ ፒትስበርግ የመጻሕፍት ከተማ መሆኗ ነው። በብረት ሥራ የከበረው ባለጸጋው አንድሪው ካርኔጊ ገንዘቡን ካወጣባቸው ነገሮች አንዱ የሕዝብ ላይብረሪ ነበር። በ1895 የፒትስበርጉ ዋና ላይብረሪ ተከፈተ። በ1901 ደግሞ በዚሁ ላይብረሪ ሥር የሕፃናት ላይብረሪ ሠራተኞችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ተቋቋመ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ፣ ቨርጂኒያ በዚህች ከተማ ተቀምጣ ከመጻሕፍት ሥራ ርቃ ነበር።

ወደ ሙያው እንድትገባ የገፋፋት በኋላ ባሏ የሆነው ቻርልስ ፍሎረንስ ነው። እሱም እንደ እሷ ትምህርት ወዳድ ስለነበር ፍላጎቷን አይቶ ለምን የላይብረሪ ትምህርት ቤቱን አትሞክሪም አላት። እሷም ማመልከቻዋን አስገባች።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ከዚያ በፊት ጥቁር ተማሪ ተቀብሎ አያውቅም። የቨርጂኒያ ማመልከቻ ሲደርስ ኃላፊዎቹ በጉዳዩ ላይ ብዙ ተከራከሩ። የትምህርት ደረጃዋ አላጠያየቀም፤ ዲግሪዋ በእጇ ነው። ያነጋገራቸው ቀለሟ ነበር። ነጮቹ ተማሪዎች ምን ይላሉ? ለልምምድ በየቅርንጫፉ ስትመደብ የላይብረሪው ተጠቃሚዎች እንዴት ያዩዋታል? ከተመረቀችስ በኋላ ማን ይቀጥራታል? እነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች ተነሱ። በመጨረሻ ግን ተፈቀደላትና በ1922 ትምህርቷን ጀመረች። የአንድ ዓመቱን ኮርስም በ1923 አጠናቀቀች። ከእሷ በፊት በላይብረሪ ትምህርት ቤት ሠልጥኖ የወጣ ጥቁር አሜሪካዊ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በ1900 በኒው ዮርክ ግዛት የላይብረሪ ትምህርት ቤት የተማረው ኤድዋርድ ክሪስቶፈር ዊሊያምስ ነው። በሁለቱ መካከል ከሃያ ዓመት በላይ እንዳለፈ ልብ ይሏል።

ማን ይቀጥራታል ለተባለው ጥያቄ መልሱ ከኒው ዮርክ መጣ። በዚያው በ1923 በኒው ዮርክ የሕዝብ ላይብረሪ ተቀጠረች፤ እስከ 1927ም አገለገለች። በ1927 የከተማው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይብረሪያን ለመሆን የሚሰጠውን ፈተና ተፈተነች፤ አለፈችም። ይህን ፈተና ወስዶ በማለፍ ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ወዲያውም በሲዋርድ ፓርክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደበች።

የትምህርት ቤት ላይብረሪያን ሥራ ከውጭ ለሚያየው መጽሐፍ ማዋስና መመለስ ብቻ ሊመስል ይችላል። ከዚያ በላይ ነው። የትኛው መጽሐፍ እንዲገዛ መምረጥ፣ የመጣውን በየዘርፉ መድቦ ቁጥር መስጠትና መመዝገብ፣ ለመምህሩ የሚፈልገውን ማቅረብ፣ የሚያነበው ጠፍቶት የቆመውን ተማሪ ደግሞ ጠይቆ ተረድቶ ለእሱ የሚሆነውን መጽሐፍ በእጁ ማስያዝ ነው። ቨርጂኒያ የዕድሜዋን አብዛኛውን የሥራ ዘመን ያሳለፈችው በዚህ ሥራ ነው።

በ1931 ከቻርልስ ፍሎረንስ ጋር ጋብቻ ፈጸመች። በዚያው ዓመት ባሏ በሚዙሪ ግዛት፣ ጀፈርሰን ሲቲ ከተማ የሚገኘው የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1866 ከእርስ በርስ ጦርነቱ የተመለሱ ጥቁር ወታደሮች ከደመወዛቸው አዋጥተው ያቋቋሙት ነው። ቨርጂኒያ የኒው ዮርክ ሥራዋን ትታ ባሏን ተከትላ ሄደች፤ እሱ እስከ 1937 ድረስ በፕሬዚዳንትነቱ ሲቆይም አብራው ነበረች።

ከዚያ በኋላ ኑሯቸው ወደ ቨርጂኒያ ግዛት ዋና ከተማ ወደ ሪችመንድ ዞረ። ሪችመንድ ምን ዓይነት ከተማ እንደነበረች ለመረዳት ከእነሱ መምጣት ጥቂት ቀደም ብሎ የሆነውን ማየት ይበቃል። በ1936 የአሜሪካ ላይብረሪ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን ያደረገው በዚህች ከተማ ነበር። ጥቁር ላይብረሪያኖች ስብሰባው ላይ መገኘት ቢፈቀድላቸውም ተለይተው እንዲቀመጡ ተደርጓል፤ በጉባኤው ሆቴሎች ማደርም ሆነ በማዕድ መካፈል አልተፈቀደላቸውም። ነገሩ ብዙ ቁጣ አስነስቶ ማኅበሩ ከዚያ ወዲያ አባላቱ ሁሉ እኩል በማይስተናገዱበት ቦታ ጉባኤ ላለማድረግ ወሰነ።

ባልየው ሥራው ሪችመንድ ሲሆን እሷ ሥራ ያገኘችው በዋሽንግተን ከተማ በካርዶዞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። ባልና ሚስት በእንጀራ ምክንያት መራራቅን የሚያውቀው ያውቀዋል። እስከ 1945 ድረስ የዋሽንግተኑን ሥራ ከሠራች በኋላ ጤናዋ ስለታወከ አቋረጠችው። አገግማም በ1950 እዚያው ሪችመንድ በማጊ ዎከር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪያን ሆነች። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በ1903 በሪችመንድ ባንክ ባቋቋመችው ጥቁር ሴት በማጊ ሊና ዎከር ስም ነው።

እዚህ ሳለች አገሪቱ ተናወጠች። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪዎችን በቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈረደ። የቨርጂኒያ ግዛት ባለሥልጣናት ግን ውሳኔውን አንቀበልም ብለው በ1958 አንዳንድ ትምህርት ቤቶችን ጥቁርና ነጭ ከሚቀላቀልባቸው ይዘጉ እስከማለት ደረሱ፤ ዘጉም። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ ቨርጂኒያ በማጊ ዎከር ላይብረሪ መጽሐፍ እያዋሰች ትውልድ ስታስነብብ ቆይታ በ1965 ጡረታ ወጣች።

እውቅናው የመጣው ዘግይቶ ነው። ያ ይቀበላት አይቀበላት እያለ የተከራከረባት የላይብረሪ ትምህርት ቤት በ1962 ወደ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ነበር። ይኸው ዩኒቨርሲቲ በ1981 የላቀ አገልግሎት ሽልማት ሰጣት። ኮርሱን ከጨረሰች 58 ዓመት ሆኗት ማለት ነው። ቨርጂኒያ ፍሎረንስ በ1991 በሪችመንድ በ93 ዓመቷ አረፈች። በ2004 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ለመታሰቢያዋ የስም ሰሌዳ አቆመላት።

ውድ አንባብያን፣ በ1922 በአንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች አይሆንም ብለው ቢሆን ኖሮ ይህች ሴት ምናልባት በፀጉር ቤት እንደቀረች ትቀር ነበር። እሷ ብቻ አይደለችም የምትጎዳው። ከኒው ዮርክ እስከ ሪችመንድ በእጇ መጽሐፍ የተቀበሉት ተማሪዎች ሁሉ አብረው ይጎዱ ነበር። አንድ ማመልከቻ ሲገፋ ከጀርባው ስንት ሰው እንደሚገፋ ከዚህ መገመት ይቻላል።